የሜታል ዲቴክተር «ሴንሲቲቪቲ» ምንድን ነው?

«ሴንሲቲቪቲውን ሙሉ አድርገው! ካልሞላኸው ወደ ታች አያይም።»

ይቺን ምክር በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ሰማኋት። አንዴ ከዕቃ ሻጭ፣ አንዴ ወርቅ ፍለጋ በቪዲዮ ከሚያስተምር ሰውዬ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ከገዛ ረዳቴ። ሻጩ መሸጥ አለበት ብዬ አለፍኩት። የቪዲዮው ሰውዬ አሳቀኝ። ረዳቴ ሲደግመው ግን ሆድ ባሰኝ። ስለዚህች አንዲት ቃል ብቻ ልናገርና ይውጣልኝ።

ሥራዬ ቅየሳ ነው። ሜታል ዲቴክተር የምይዘው ለወርቅ ሳይሆን ለችካል ነው። በአዲስ አበባ ዳር ዳር፣ ፉሪ፣ ለገጣፎ፣ ኮዬ ፈጬ ስትሉ፣ የይዞታ ጥግ ላይ የተቀበረች ባለ 12 ፌሮ በጥቂት ዓመት ውስጥ ደብዛዋ ይጠፋል። አፈር ይደፋባታል፣ ሲኖትራክ ይወጣባታል፣ አጥር ይታጠርባታል። ባለቤቱ «እዚህች ጋ ነበረች» ብሎ በእግሩ ሲያሳይ ሦስት ሜትር ይስታል። ያንን ሦስት ሜትር በማሽን የምጠርገው እኔ ነኝ።

ኮይሉ (ከዘንጉ ጫፍ ያለው ክብ የሽቦ ጥቅል) የማግኔት መስክ ይልካል፣ ብረቱ ይመልሳል፣ ማሽኑ ይሰማል። ይሄን ሁሉም ስለሚያውቀው ልለፈው።

ሴንሲቲቪቲ ማለት ማሽኑ ከሚሰማው ነገር ውስጥ እስከ የትኛዋ ትንሽ ድምፅ ድረስ እንዲነግራችሁ የፈቀዳችሁበት ልክ ነው። ሌላ ትርጉም የለውም። በአብዛኞቹ ማሽኖች ቁልፉን 3 ላይ አደረጋችሁት 10 ላይ፣ ከኮይሉ ወደ መሬት የሚወርደው ኃይል ያው ነው። የሚጨምረው ጆሮው እንጂ ጉልበቱ አይደለም። (አንዳንድ ሞዴል የሚልከውንም አብሮ ይቀይራል፤ መመሪያውን አንብቡ። መመሪያው ከካርቶኑ ጋር ተጥሎ ከሆነ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።)

ባለፈው ፉሪ ነበርን። ግቢው የአንዲት እናት ነው። ከአጥሩ ማዶ ወፍጮ ቤት አለ፤ ወደ ወፍጮው የሚሄደው የመብራት መስመርም በቆርቆሮው አጥር አናት ላይ ያልፋል። ረዳቴ ቁልፉን 9 ላይ ሰቅሎ ገባ። ማሽኑ ገና ከበሩ ጀምሮ መንጫጫት። እማማ ነጠላቸውን እያጣፉ ቀረብ አሉና፣

«ልጄ፣ እንዲህ የሚጮኸው ወርቅ አግኝቶ ነው እንዴ?» አሉት።

«አይ እማማ፣ ግቢው ውስጥ ብረት በዝቶ ነው» አላቸው።

ብረቱ አልበዛም። ትንሽ እንደቆየን መብራት ጠፋ። ወፍጮው እያቃሰተ ቆመ፤ ማሽናችንም ጩኸቱን አብሮ ቀነሰ። ልጁ ደንግጦ «ባትሪ ጨረሰ!» አለኝ። ባትሪው ደህና ነበር። ግማሽ ሰዓት ሙሉ «ብረት ነው» እያልን ስንጎነበስለት የነበረው ድምፅ፣ የሚበዛው ከእግራችን ሥር ሳይሆን ከአናታችን በላይ ካለው ሽቦ የመጣ ነበር።

እስቲ ያ ወፍጮ ቤት ውስጥ ቆማችሁ የሳንቲም ኮሽታ ልትሰሙ ነው እንበል። ጆሯችሁ ላይ ድምፅ የሚያጎላ መሣሪያ አለ፤ ቁልፉን እስከ ጥግ አዞራችሁት። ምን ጨመረ? ወፍጮው ነዋ! ሳንቲሟም ጨምራለች፤ ግን ወፍጮው አብሯት ጨምሯል፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት አልተነካም። እንዲያውም ጆሯችሁ ስለደነቆረ ቀድሞ ትሰሟት የነበረችውን ሳንቲም አሁን ትስቷታላችሁ። «ሙሉ አድርገው» የሚለው ሰው የሚመክራችሁ ይሄንን ነው።

ወፍጮውን ትንሽ ልጎትተው። ሁለት ዓይነት ጩኸት አለው። አንዱ የሞተሩ ነው፤ እህል ገባ አልገባ ይጮሃል። ሌላው የድንጋዩ ነው፤ ይሄኛው እህል ሲገባበት ይነሳል፤ ጤፍና በቆሎ ሲሆን ደግሞ ድምፁ ይለያያል። ዲቴክተራችሁም እንዲሁ ነው። የሞተሩ ጩኸት ማለት የመብራት መስመር፣ ትራንስፎርመር፣ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ ነው። የድንጋዩ ጩኸት ማለት አፈሩ ነው። ለመለየት ኮይሉን ወገባችሁ ድረስ አንሡና ሳትነቃነቁ ያዙት። ያኔም የሚንጫጫ ከሆነ ሞተሩ ነው፤ መድኃኒቱ ሴንሲቲቪቲውን መቀነስ ወይም፣ ማሽኑ የሚፈቅድ ከሆነ፣ ፍሪኩዌንሲ መቀየር ነው። ወደ ላይ ሲነሣ ዝም ብሎ ወደ መሬት ሲወርድ የሚያጉረመርም ከሆነ ድንጋዩ ነው፤ የእሱ መድኃኒት ግራውንድ ባላንስ ነው፤ ማሽኑ የአፈሩን ድምፅ ችላ እንዲል ማስተካከል ማለት ነው። ምሳሌው እዚህ ጋ ይሰበራል፤ ምክንያቱም መብራት ሲጠፋ ወፍጮው ይቆማል፣ አፈር ግን አይቆምም። ፉሪም የሆነው ይኸው ነው፤ ከሽቦው በተረፍን በኋላ ከመሬቱ ጋር ቀረን።

የእኛ መሬት ደግሞ ቀላል መሬት አይደለም። እንጦጦ፣ የረር፣ ወጨጫ፣ ፉሪ፣ ሁሉም የጥንት እሳተ ገሞራ ሥራ ናቸው። ባዛልቱ ሲበሰብስ ማግኔታይት የሚባለው የብረት ማዕድን አፈሩ ውስጥ ይቀራል። ካላመናችሁኝ ማግኔት በክር አስራችሁ ደረቅ ቀይ አፈር ላይ ጎትቱት፤ ጥቁር ጢም ያወጣል። ኮይላችሁ ይሄን ሁሉ ጢም ይሰማል። ከማድ ቤት ጀርባ፣ ድሮ ጉልቻ የነበረበት ቦታ ደግሞ ይብሳል፤ አፈር በእሳት ሲቃጠል ከማግኔት ጋር ያለው ዝምድና ይጠነክራል። የጡብ ስባሪም እንደዚያው ነው። እማማ ግቢ ውስጥ ረዳቴ ሁለት ጉድጓድ የቆፈረው ጉልቻ ላይ ነው፤ አመድ አወጣ።

ወደ ቪዲዮው ሰውዬ ልመለስ። «ሴንሲቲቪቲ እጥፍ ሲሆን ጥልቀት እጥፍ» ይላል። እንዲህ በድፍረት ሲነገር ሰው ያምናል። ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። መስኩ ከኮይሉ በራቀ መጠን በርቀቱ ኩብ ይደክማል። የብረቱ መልስ ወደ ላይ ሲመጣም እንደገና በኩብ ይደክማል። ሲባዙ ስድስተኛ ፓወር ይሆናሉ። ስለዚህ 20 ሳንቲ ላይ የምትሰማ ትንሽ ብረት 40 ሳንቲ ላይ ስትሆን መልሷ 64 ጊዜ ያንሳል። ከ30 ወደ 33 ሳንቲ፣ ለሦስት ሳንቲ ብቻ፣ መልሷ ወደ 56 በመቶ ይወርዳል። (ኮይሉ አፍንጫ ሥር ስትሆን ሒሳቡ ይለሰልሳል፤ እንደ በርሜል ላለ ትልቅ ብረትም በቀጥታ አይሠራም።) ይሄ ቁልቁለት በቁልፍ አይወጣም። ጥልቀት የፈለገ ሰው ትልቅ ኮይል ይገጥማል፤ ያኔ ደግሞ ትናንሾቹን ማጣት ይጀምራል። ሁለቱን ባንድ ላይ የሰጠኝ ማሽን እስካሁን አልገጠመኝም።

እና ቁልፉ የት ይሁን? መልሱ ቁጥር አይደለም፤ ለዚህም ነው ሰው የማይወደው። እኔ ግማሽ ላይ እጀምራለሁ። ከቆርቆሮ አጥር ሁለት ሜትር ያህል ፈቀቅ ብዬ፣ ብረት የሌለበት ቁራጭ መሬት ፈልጌ፣ ኮይሉን ከአፈሩ አንድ ስንዝር አንሥቼ ሳላስነካ ዝቅ ከፍ፣ ዝቅ ከፍ አደርገዋለሁ። ግራውንድ ባላንሱን ዝቅ ሲልም ከፍ ሲልም አንድ ዓይነት ድምፅ እስኪሰጠኝ አስተካክላለሁ። ከዚህ በኋላ ብቻ ሴንሲቲቪቲውን መነጫነጭ እስኪጀምር አወጣና አንድ ሁለት እርከን እመለሳለሁ። ቦታው እዚያ ነው። ለገጣፎ 7 ሊሆን ይችላል፣ ፉሪ ወፍጮው ሥር 5። ከቀይ አፈር ወደ መረሬ ስትሻገሩ እህሉ ተቀየረ ማለት ነው፤ ባላንሱን እንደገና ሥሩ። ጫማችሁ ብረት ካለው አውልቁት። ኮይሉን ደግሞ እንደ ጥና አታወዛውዙት፤ ጫፍና ጫፍ ላይ ሲነሣ ጥልቀቱን ራሳችሁ ጣላችሁት። ከመሬቱ ጋር ትይዩ ሆኖ ቀስ ብሎ ይሂድ፤ እያንዳንዱ ጥርጊያም ያለፈውን ግማሽ ይደርብ።

በነገራችን ላይ ሕንፃ በር ላይ ጥበቃዎች የሚይዙት አጭሩ ማሽን ተመሳሳይ በሽታ አለበት። ቁልፉን ሰቅለው እግራችሁ ጋ ሲደርሱ ይጮሃል፤ ወለሉ ውስጥ ያለው ፌሮ ነው የሚጮኸው። ሰውዬው በከንቱ ጫማውን ያወልቃል።

ሻጩ ደግሞ ሌላ አለኝ፦ «ዲስክሪሚኔሽኑን ክፈተው፣ የማይረባ ብረት አይጮህብህም።» ለወርቅ ፈላጊ ይሁን። የእኔ ችካል ግን ያ «የማይረባ ብረት» ነው! ይሄን ከፍቶ ችካል የሚፈልግ ሰው፣ ለልጁ ስም አውጥቶ በስሙ ሲጠሩት «እንደሱ የሚባል የለም» እንደሚል አባት ነው። ለችካል ዲስክሪሚኔሽን ዜሮ ነው፤ ቆርኪውንና ምስማሩን እየለቀሙ መሄድ የሥራው አካል ነው። እውነቱን ለመናገር ለዚህ ሥራ የተሻለው ብረትን ብቻ የሚሰማው ማግኔቲክ ሎኬተር ነው፤ መዳብ፣ አሉሚኒየም አያውቅም። ግን የያዝነው ይሄ ነው።

መስማትና ማግኘት የተለያዩ መሆናቸውን የሚያሳይ የቆየ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በጥይት ሲመታ፣ የስልኩ አሌክሳንደር ግርሃም ቤል ጥይቱን ለመፈለግ የብረት መፈለጊያ ይዞ ቀረበ። መሣሪያው በሙከራ ላይ ጥይት ይሰማ ነበር። ፕሬዚዳንቱ የተኙበት ፍራሽ ግን የብረት ሽቦ ነበረበት። ሐኪሙም የፈቀደለት በቀኝ ጎናቸው ብቻ እንዲፈልግ ነው፤ ጥይቱ የነበረው በግራ ነው።

በቀኝ ጎን የሚፈልግ ሰው እኛም ጋ ሞልቷል። የድሮ ሳይት ፕላን ላይ ያለው ኮኦርዲኔት ብዙ ጊዜ አዲንዳን በሚባለው የቆየ የካርታ መነሻ ነው፤ ስልካችሁ የሚናገረው ግን ጂፒኤስ በሚጠቀምበት መነሻ፣ በደብሊው ጂ ኤስ 84 ነው። በሁለቱ መካከል 200 ሜትር ገደማ ልዩነት አለ። ቁጥሩን ሳይቀይር ስልኩን ተከትሎ የሄደ ሰው የሌላ ሰው ጎመን ውስጥ ቆሞ ሴንሲቲቪቲ ይጨምራል።

ሳትጠይቁኝ ሁለት ነገር ልጨምር። ማሽኑ ጮሆ ስትቆፍሩ የጥይት ወይም የቦንብ ቅርጽ ያለው ነገር ካያችሁ፣ ዝገቱ አያታላችሁ፤ አትንኩት፣ ፖሊስ ጥሩ። የድሮ ዕቃ፣ ቅርስ የሚመስል ነገር ከወጣም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ አለባችሁ። «ግቢዬ ውስጥ ነው ያገኘሁት» ማለት አያዋጣም።

ፉሪ ቁልፉን 5 ላይ አውርደን፣ ባላንሱን ከጉልቻው ራቅ ብለን ሠርተን እንደገና ጠረግን። በሁለተኛው ጥርጊያ አንዲት ጥርት ያለች ድምፅ መጣች፤ ከግራ ወደ ቀኝም፣ ከፊት ወደ ኋላም እዚያው ናት። ዶማውን ትተን በእጅ ቆፈርን። 30 ሳንቲ ላይ የፌሮዋ አናት ብቅ አለ፤ የዛገች፣ ትንሽ ያጋደለች። እማማ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም።

ችካል አገኛችሁ ማለት ግን ወሰን አገኛችሁ ማለት አይደለም። ዶዘር ይገፋታል፣ መረሬ ላይ ከሆነች አፈሩ ክረምት ሲያብጥ በጋ ሲሰነጠቅ ያንቀሳቅሳታል፣ ሰውም በሌሊት ይነቅላታል። ቶታል ስቴሽን (የቅየሳ መለኪያ መሣሪያ) ተክዬ ከፕላኑ ጋር ሳመሳክራት ወደ እማማ ግቢ 40 ሳንቲ ገብታለች። ጎረቤትየው በቆርቆሮው ቀዳዳ ያየናል።

«ታዲያ ልጄ፣ በቦታዋ ናት?» አሉኝ።

«ወረቀቱን ይዤ ነገ እመለሳለሁ እማማ» አልኳቸው።