ምርኩዝ በየትኛው እጅ ይያዝ? አረጋውያን ስለሚጠቀሙባቸው መርጃዎች የሚነገሩ ስህተቶች

ደሴ ላይ ምርኩዝ ይዘው ዳገት የሚወጡ አረጋውያንን ልብ ብሎ ላያቸው፣ ብዙዎቹ የያዙት በሚያማቸው እግር በኩል ነው። እንዲህ የሚያስይዛቸውም ብዙ ጊዜ ልጅ ወይም ጎረቤት ነው፤ «እማማ፣ በሚያምዎት በኩል ይደገፉ እንጂ!» ይላል። ይህ ምክር ይብቃ።

ምርኩዝ የሚያዘው ከታመመው እግር በተቃራኒ ባለው እጅ ነው፤ ቀኝ ጉልበት ካመመ በግራ። በታመመው እግር ስንረግጥ ሌላው እግር ከመሬት ስለሚነሳ ዳሌ ወደዚያ ባዶ ጎን ያዘነብላል። እንዳይወድቅ የታመመው ወገን ጡንቻ በኃይል ይጎትተዋል፣ መገጣጠሚያውም ይጨነቃል። በተቃራኒው እጅ ያለ ምርኩዝ ያንን ባዶ ጎን ይደግፈዋል። በታመመው በኩል ከተያዘ ግን ክብደቱ እዚያው ይከመርና ሕመሙ ይብሳል። ሲራመዱ ምርኩዙና የታመመው እግር አብረው ይሄዳሉ፣ ደህናው ይከተላል። ደረጃ ሲወጡ ደህናው ይቅደም፤ ሲወርዱ ምርኩዙና የታመመው።

«የአባታችን ከዘራ አለ፣ ይበቃል» የሚሉም አሉ። የሚበቃው ቁመቱ ከልክ ከሆነ ብቻ ነው። ጫማ አድርገው ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ እጅዎን ወደ ታች ይልቀቁት፤ የእጀታው አናት ከእጅ አንጓ መታጠፊያ ጋር እኩል መሆን አለበት። ሲይዙት ክርን ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ያህል ይታጠፋል። ሲረዝም ትከሻ ይሰቀላል፣ ሲያጥር ወገብ ይጎብጣል። የእንጨቱን ትርፍ ከታች በመጋዝ ማስቆረጥ ይቻላል፤ ከታች የሚገጠመውን የጎማ ጫፍ ውፍረት ግን አስቀድመው ከልኩ ላይ ይቀንሱ።

መቋሚያም ለመንገድ አይሆንም። የተሠራው ቆሞ ለመደገፍ ነው፤ ቁመቱ ለእርምጃ ይበዛል፣ ብብት ሥር አስገብተው ሲንጠለጠሉበት ደግሞ ነርቭ ተጭኖ እጅ ይደነዝዛል።

ጫፉን ማንም አያየውም፣ የሚጥለው ግን እሱ ነው። ብረት የተገጠመለት ከዘራ አፈር ይነክሳል፣ ሊሾና ሴራሚክ ላይ ግን ይንሸራተታል። ለቤት ውስጥ የጎማ ጫፍ ይግጠሙለት፤ ጎማው ሥር ያሉት መስመሮች ተፍቀው ከጠፉ ይቀይሩት። ለቡና ቄጠማ ሲጎዘጎዝ አዛውንቱ የሚያልፉበትን ባዶ ይተዉት፤ እርጥብ ቄጠማ ላይ ጎማም አይጨብጥም።

«ዎከር (በሁለት እጅ የሚያዝ ባለ አራት እግር መደገፊያ) የያዘ አይወድቅም»፦ ይወድቃል፣ በተለይ ከወንበር ሲነሳ ዎከሩን ወደ ራሱ ከጎተተ። የወንበሩን የእጅ መደገፊያ ወደ ታች ገፍቶ ይነሳ፣ ከዚያ ዎከሩን ይያዝ።

«መነጽር ዓይን ያደክማል»፦ አያደክምም። ዕይታን የጋረደው የዓይን ሞራ ከሆነ ግን የሚወገደው በቀዶ ሕክምና ነው፤ ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ይሰጣል።

«የመስሚያ መርጃው አይረባም፣ ጫጫታ ብቻ ነው» ተብሎ ሣጥን ውስጥ የሚቀረውም ብዙ ነው። ለዓመታት ጸጥታ የለመደ አእምሮ ድምፅ እንደገና ለመለየት ሳምንታት ይፈልጋል። መጀመሪያ ጸጥ ባለ ቤት፣ ከአንድ ሰው ጋር፣ በቀን አንድ ሁለት ሰዓት፤ ገበያና ለቅሶ ቤት በኋላ ይደረስባቸዋል። ድምፁ በድንገት ከጠፋ ባትሪውን ይቀይሩ፣ የመሣሪያውን ቀዳዳ የደፈነ የጆሮ ኩክ ካለም በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ያጽዱ፤ ውሃ አያስነኩት።