ቀድሞ የበቀለን ጆሮ ኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠው

ስለ ሯጮች ክርክር ከተነሳ ይህቺ ተረት አትቀርም። ሰሞኑን ቡና ቤት ውስጥ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ያነብልናል። ትዕግስት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ላይ ማራቶን ሮጣ የገባችው በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ነው። አበበ ቢቂላ በ1964 ቶኪዮ ላይ ያሸነፈው በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ። «አያችሁ? አበበን ሴት ቀደመችው። ቀድሞ የበቀለን ጆሮ ኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠው!» ሳቅ ሆነ፣ ክርክሩም ተዘጋ።

ቁጥሩ ልክ ነው። ተረቱ ግን ያለቦታው ገባ።

ጥጃ የጠበቀ ሰው እንዲህ አይልም። ገጠር ላደገ ልጅ የመጀመሪያ ሥራው ጥጃ መጠበቅ ነው። ጥጃ ሲወለድ ጆሮው ሙሉ ነው፤ እንዲያውም ለጭንቅላቱ ይበዛበታል። ቀንድ ግን የለውም። እኛ ልጆቹ ከጆሮው ከፍ ብለን በጣታችን እየዳበስን እንፈልግ ነበር። ጠጉሩ ዞር ያለበት ቦታ፣ ከቆዳው ሥር፣ ጠጠር የምታህል ነገር ትገኛለች። ያገኘ «አወጣ! አወጣ!» ብሎ ይጮሃል። ከዚያ በኋላ ጥጃው የቤቱን ምሰሶ፣ አጥሩን፣ የሰው ጉልበት ሳይቀር እየታከከ ያስቸግራል። ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ ጆሮ ባለበት ቀርቷል፣ ቀንድ ገና ይሄዳል።

ያኔ የሁሉም ዓይን ቀንድ ላይ ነው። ገበያ ላይ ገዢው የላሟን ቀንድ ከሥሩ ይዞ፣ ቀለበቱን እየቆጠረ ስንቴ እንደወለደች ይገምታል። ስትታረድም ቀንዷ ዋንጫ ይሆናል። ጆሮስ? ማንም አያነሳው። ግን ጅብ ሲመጣ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው። አመሻሽ ላይ ከብቶቹ ሳራቸውን ትተው ጆሯቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያቆሙ እረኛ ዱላውን ያነሳል።

ተረቱ ከየት መጣ ካላችሁኝ የራሴ ግምት አለኝ። ተናጋሪው ቀንድ አይደለም፣ ጆሮ ነው። የበለጠ ሰው ስለተበለጠው ምን አሳሰበው? እኔ የሚታየኝ ደጅ ጠኚ ነው። ስንት ክረምት በጌታው ደጅ ሲመላለስ ኖሮ፣ ትናንት የመጣ ጎረምሳ ተሾመበት። አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ በሬውን አየና ተናገረው። ማስረጃ አምጣ እንዳትሉኝ! ቅሬታው ግን እስከ ዛሬ ይሰማል። ደግሞም ጆሮና ቀንድ ያሉት አንድ ጭንቅላት ላይ ነው። አንድ ሳር አሳድጓቸው፣ አንድ ዝናብ መትቷቸው ነው አንዱ ሌላውን የበለጠው። ነገሩን የሚያስቆጨውም ይኸው ነው።

አበበና ትዕግስት አንድ ጭንቅላት ላይ አልበቀሉም። አበበ ቶኪዮ ላይ የሮጠው ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት እንኳ በቅጡ ሳይሞላው ነው። ሁለተኛው ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ሲደርስ እሱ ሣሩ ላይ ሰውነቱን እያፍታታ ነበር። የትዕግስት ጫማ 138 ግራም ነው የሚመዝነው፤ አሯሯጮችም ነበሯት። ይህ እሷን አያሳንሳትም። የነበረውን የሴቶች ክብረ ወሰን ከ2 ደቂቃ በላይ ያሻሻለች ሰው ናት። ሁለቱም በየዘመናቸው ሌላውን ጥለው ሄደዋል።

ኳስ በዱላ እየመቱ ነጥብ የሚሰበስቡበት የክሪኬት ሰዎችም ይኸው ጣጣ አለባቸው። ሕንዳዊው ሳቺን ቴንዱልካር ቴስት በሚባሉት፣ ለቀናት በሚዘልቁ የአገር ለአገር ግጥሚያዎች፣ በ200 ጨዋታ 15,921 ነጥብ ሰብስቧል። አውስትራሊያዊው ዶን ብራድማን በ1948 ሲያቆም በ52 ጨዋታ 6,996 ብቻ ነበረው። ቀንድ የሚለካ ሰው ሳቺን ይላል። ነገር ግን ብራድማን ለመምታት ገብቶ ተሸንፎ እስኪወጣ የሚያስመዘግበው ነጥብ በአማካይ 99.94 ነበር፣ ያውም ሄልሜት ባልነበረበት ዘመን። የሳቺን 53.78 ነው። የየዘመኑ ምርጦች 60 ገደማ ሲደርሱ ብራድማን ብቻውን 100 ሊነካ ምንም አልቀረው። ስለዚህ ጨዋታውን የሚያውቁት «ከዘመን እኩዮቹ ምን ያህል ራቀ?» ብለው ይጠይቃሉ። ደግ አደረጉ።

ተረቱን የግድ ለሯጭ ማለት ካማራችሁ ፓሪስ አለላችሁ። የ2003 የዓለም ሻምፒዮና፣ 10,000 ሜትር። ኃይሌ ገብረሥላሴ ከፊት ሆኖ ፍጥነቱን አከረረው። ቀነኒሳ በቀለ ከኋላው ተከትሎ መጨረሻው ላይ ጥሎት ሄደ። የለያያቸው ከአንድ ሰከንድ ብዙም አይበልጥም። አንድ መም፣ አንድ ምሽት፣ አንድ ባንዲራ። እዚያ ላይ በሉት፣ አልከፋም። ፔሌንና ሜሲን በዚህች ተረት ማዳኘት ግን ይቅርባችሁ። እንኳን ጭንቅላታቸው፣ ኳሳቸውም አንድ አልነበረም።