ለሦስት ሳምንት የመጣ እንግዳና አማርኛ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሱሉልታ፣ በቡራዩ፣ በሰበታና በለገጣፎ በኩል ቤት ሠርተው የገቡ ብዙ ቤተሰቦች ከውጭ እንግዳ ይቀበላሉ፤ በጎ ፈቃደኛ፣ የውጭ አገር ምራት፣ ውጭ ተወልዶ ያደገ የወንድም ልጅ። እንግዳው ቋንቋውንና ወጉን ለመልመድ ጓጉቶ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ሳይለምድ የሚመለሰው ጊዜ አጥሮት ሳይሆን እኛ ተቀባዮቹ በያዝናቸው ግምቶች የተነሳ ነው።

«በሦስት ሳምንት ምን ሊለምድ? ባናደክመው ይሻላል»

አቀላጥፎ አይናገርም። ታክሲ ተሳፍሮ፣ ከሱቅ ገዝቶ፣ ጎረቤት ሰላም ብሎ ለመግባት ግን ሦስት ሳምንት ይበቃዋል። ነጠላ ቃል ከማስቆጠር ይልቅ በቀን ከአምስት እስከ ሰባት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስጡት፤ ያውም በዚያው ቀን የሚጠቀምበትን። ለመጀመሪያ ቀን እነዚህ ይበቃሉ፦ «ይሄ ምን ይባላል?»፣ «አልገባኝም፣ ቀስ ብለው ይንገሩኝ»፣ «ስንት ነው?»፣ «ወራጅ አለ!»፣ «በቃኝ»። የመጀመሪያዋ ከሁሉም ትበልጣለች፤ እሷን የያዘ ሰው መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ አስተማሪ ያደርጋል።

ትምህርቱን የሚያበላሸው የኛው ደግነት ነው። እንግዳው «ዳቦ አለ?» ብሎ ሲጀምር ባለሱቁም እኛም በእንግሊዝኛ እንቀበለዋለን፤ ሁለት ሦስቴ እንዲህ ከሆነበት መሞከሩን ይተዋል። በአማርኛ ከጀመረ በአማርኛ፣ ቀስ ብላችሁ መልሱለት። ሲሳሳትም መሐል ላይ አታቋርጡት። «እማማ መጣ» ካለ «አዎ፣ እማማ መጡ» ብሎ ማለፍ ነው፤ ትክክለኛውን ይሰማል፣ አያፍርም። ጠዋት ጠዋት ደግሞ እዚያው አንድ ሱቅ ላኩት። ባለሱቁ ከለመደው ያቺው ጥያቄና መልስ በየቀኑ ስለምትደገም ቶሎ ከአፉ ትገባለች።

«መጀመሪያ ፊደሉን ይቁጠር»

33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው። እነሱን ሲቆጥር ሦስቱ ሳምንት ያልቃል። ለአጭር ቆይታ ጆሮ ይቀድማል፤ የሰማውን በራሱ ፊደል ይጻፈው። ጊዜ የሚገባው ለ«ጠ»፣ «ቀ»፣ «ጨ» እና «ጸ» ነው። «ተራ» እና «ጠራ» እያስባላችሁ አለማምዱት፦ ምላሱን ለ«ተ» እንደሚያደርገው ያሳርፋል፣ ትንፋሹን ጉሮሮው ላይ ይቆልፋል፣ ከዚያ ፈንጠር አድርጎ ይለቀዋል። መዳፉን አፉ ፊት ቢይዝ በ«ተ» ትንፋሽ ይሰማዋል፤ በ«ጠ» እምብዛም አይሰማውም። ቀጥሎ የሚመጣው ማጥበቅና ማላላት ነው። «ይበላል» ሲላላ ሰውየው ይበላል፤ ሲጠብቅ ሰውየው ራሱ ይበላል። ይሄን በሳቅ የተማረ አይረሳውም።

«እዚህ አካባቢ አማርኛ ብቻውን ይበቃዋል»

ለአብዛኛው ጉዳይ፣ አዎ። ግን ከላይ የጠቀስናቸው ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉ ናቸው፤ ብዙ ጎረቤትና ከገጠር ለገበያ የሚመጣው ሰው ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው። «አካም ጅርቱ»፣ «ሜቃ» (ስንት ነው) እና «ገለቶማ» (አመሰግናለሁ) የምትል እንግዳ ድንች ሻጯ ፊት ላይ የምታየው ፈገግታ ሌላ ነው። ሦስቱን ለማወቅ አንድ ከሰዓት ይበቃል።

«ፈረንጅ ስለሆነ ሁሉንም “አንተ” ቢል ይታለፍለታል»

ይታለፍለታል፤ ግን በ«እርስዎ» መጀመር ራሱ ይቀለዋል። «አንተ» እና «አንቺ» ካለ ወንድና ሴት እየለየ ግሱን መቀየር አለበት፤ «እርስዎ» ለሁለቱም አንድ ነው። «እንዴት ነዎት?» የምትለዋን ብቻ ይዞ ሰፈሩን በሙሉ መዞር ይችላል። ለልጅ ቢላት ልጁ ይስቃል እንጂ የሚቀየም የለም። ስማቸውን የማያውቃቸውን አዛውንት «አባባ»፣ «እማማ» ይበል። ስማቸውን ካወቀ ደግሞ «አቶ» የሚቀጠለው በራሳቸው ስም ላይ እንጂ በአባታቸው ላይ አለመሆኑን ቀድማችሁ ንገሩት።

«ሰዓትን ማን ያጣዋል?»

ብዙ ቀጠሮ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የኛ ቀን ከንጋት ስለሚቆጠር በስልኩ ላይ ያለው 9፡00 ጠዋት ለኛ ሦስት ሰዓት ነው፤ ልዩነቱ ሁልጊዜ ስድስት ነው። «በሦስት ሰዓት እንገናኝ» ያላችሁት እንግዳ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ላይ ብቅ ይላል። ሁለቱንም አቆጣጠር ጠርታችሁ ቅጠሩት። የአውሮፕላን ትኬቱ በውጭ ሰዓት ነው።

«“በቃኝ” ሲል ይሉኝታ ይዞት ነው»

በኛ ቤት የመጀመሪያው «በቃኝ» አይቆጠርም፤ «በሞቴ» እየተባለ ይጨመራል። እንግዳው ግን «በቃኝ» ያለው በቅቶት ነው። ችግሩን የሚያባብሰው ሌላ ነገር አለ፦ የቀረበለትን ጠርጎ መብላት ጨዋነት ነው ተብሎ ያደገ ሰው ባዶ ሰሐን ያሳያል፣ እኛ ደግሞ ባዶ ሰሐን ስናይ እንጨምራለን። ሁለቱም እየተከባበሩ አንዱ ይታመማል። ከመቀመጡ በፊት ንገሩት፦ ትንሽ አስተርፍ፣ «በቃኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» በልና እጅህን ከገበታው አንሳ። ግማሽ እንጀራ ለመነሻ ይበቃል። አንድ ጉርሻ በቀኝ እጅ ይስጡት፣ እምቢ ካለም ንቀት አይደለም፤ እጅ ወደ አፍ መምጣቱ አስደንግጦት ሊሆን ይችላል። ጥሬ ሥጋና በቧንቧ ውሃ የታጠበ ሰላጣ በፍቅር ስም አታስገድዱት። ክትፎ ካማረው በደንብ የበሰለ እንጂ ለብለብ እንኳ ለጊዜው ይቆየው።

ሥጋ ለማይበላ እንግዳ «የጾም አለ?» የምትለዋ ወርቅ ናት፤ ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ 55 ቀን ሙሉ በየምግብ ቤቱ ትሠራለታለች። በፍስክ ቀን ግን ሽሮው ቅቤ ሊገባበት ስለሚችል «ቅቤ የሌለው» ብሎ ይጨምር። ዓሣም የማይበላ ከሆነ ለይቶ ይናገር፤ በጾም ዓሣ የሚያቀርቡ ብዙ ናቸው።

«ቡና ሦስተኛው ሳይጠጣ መነሳት ነውር ነው»

አቦል፣ ቶናና በረካ እስኪያልቁ መቆየት ደስ ያሰኛል። የሚቸኩል ግን ሲቀመጥ «አቦል ጠጥቼ እሄዳለሁ» ካለ ማንም አይቀየመውም። ነውሩ ሳይናገሩ ብድግ ማለቱ ነው።

«ምልክቱንማ አይቶ ይረዳዋል»

አይረዳውም። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን «አዎ» ስንል የደነገጥን ይመስለዋል። «እሺ» ስንልም የተስማማን ይመስለዋል፤ ሰምቻለሁ ማለት ብቻ ሊሆን እንደሚችል ካልነገራችሁት «እሺ» ያለውን ሰው እየጠበቀ ቀኑን ያባክናል። የለቅሶ ድንኳን ሲያይም የሠርግ መስሎት ስልኩን ለፎቶ ሊያወጣ ይችላል። አብራችሁት ግቡ፣ ስልኩ ኪስ ይግባ፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይበልና ዝም ብሎ ይቀመጥ።