ዩኒኮድ ምንድን ነው? ፎንት ነው ብሎ ማሰብ ስለሚያስከትለው ጥፋት

«ጽሑፉ አልነበብ ካላችሁ ፎንቱን ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት» የሚለውን ምክር በዚህ ወር ብቻ ለሦስተኛ ጊዜ አነበብሁት። የመጨረሻው መካሪ ከዚያም አልፎ «ዩኒኮድ ከድሮዎቹ ፎንቶች ይልቅ ዓይን ይስባል» ሲል አክሎበታል። የአማርኛ ጽሑፍ በኮምፒውተርና በስልክ ላይ በትክክል መታየቱን በመፈተሽ ለዓመታት የሠራ ሰው ይህን በዝምታ ማለፍ ይቸግረዋል፤ ምክሩን አምነው የተቀበሉ ሰዎች ሰነዳቸውን ሲያጡ በተደጋጋሚ አይቻለሁና። ዩኒኮድ መልክ የለውም፤ መልክ የሌለው ነገር ደግሞ ዓይን ሊስብ አይችልም።

ዩኒኮድ ለዓለም ፊደላት ሁሉ፣ ለእያንዳንዱ ምልክት፣ አንድ ቋሚ ቁጥር የሚሰጥ መዝገብ ነው። የእኛ ፊደል በዚህ መዝገብ የሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3ኛው ዕትም ሲሆን፣ «ሀ» 4608፣ «ሁ» 4609፣ «ለ» 4616፣ አራት ነጥብ ደግሞ 4962 የሚል ቁጥር አግኝተዋል። ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው ይህን ቁጥር ነው። ፎንት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሥራውም ቁጥሩን አይቶ ቅርጹን መሳል ብቻ ነው።

ልዩነቱን የቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው በቀላሉ ያገኘዋል። መምህሩ «መዝሙር 50ን በል» ሲሉት ዳዊት የደገመ ተማሪ ሳያመነታ «ተሣሃለኒ» ብሎ ይጀምራል። መዝሙሩን አንዱ ቁም ጸሐፊ በጉልሕ፣ ሌላው በረቂቅ ቢጽፈው የ50ኛነቱ ነገር አይለወጥም፤ የጸሐፊው እጅ ፎንቱ፣ 50 የሚለው ቁጥር ዩኒኮዱ ነው። ቁጥሩን «፶» ብሎ መጻፍ፣ «50» ብሎ መጻፍ ወይም «ሃምሳ» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ዩቲኤፍ-8 የሚባለውም ያው ቁጥር ወደ ፋይል ሲገባ የሚጻፍበት አንዱ መንገድ ነው። አሁን ግን በዕብራይስጡ አቆጣጠር የተዘጋጀ መጽሐፍ ለያዘ ሰው «50ን አንብብ» በሉት። እርሱ የሚከፍተው የአሳፍን መዝሙር ነው፤ «ተሣሃለኒ» በእርሱ መጽሐፍ 51ኛ ነውና። ሁለቱም አንባቢዎች አልተሳሳቱም፣ ጽሕፈቱም ጥርት ያለ ነው፤ የተለያየው የቁጥሩ ሠንጠረዥ ነው። ለዚህ ሰው የሚያምር የእጅ ጽሑፍ ያለው ሌላ ዳዊት ብናመጣለት፣ አቆጣጠሩ እስካልተለወጠ ድረስ፣ ምንም አንረዳውም።

ከዩኒኮድ በፊት የነበረው የአማርኛ አጻጻፍ ይህን ይመስል ነበር። በዘመኑ አንድ ፎንት የነበረው ቦታ ቢበዛ 256 ሲሆን፣ 33ቱ ፊደላት ከነሰባት ቤታቸው ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ ሥርዓተ ነጥቡና ቁጥሩ ሲጨመሩ አይበቃም። ስለዚህ አዘጋጆቹ ፊደሉን በሁለትና ከዚያ በላይ በሆኑ ፎንቶች ከፋፍለው፣ እያንዳንዱ በራሱ ቅደም ተከተል፣ በላቲን ሆሄያት ቦታ ላይ አስቀመጡት። መሣሪያው ባልነበረበት ጊዜ አማርኛን በኮምፒውተር ያስጻፉን እነርሱ ናቸውና ሥራቸው ሊመሰገን ይገባል። ይሁን እንጂ ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ሆሄ ነበር፤ አማርኛው የሚታየው ያ ፎንት እስካለ ድረስ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ሰነድ ከፍቶ ፎንቱን በሌላ መተካት የላቲኑን ሆሄ ከነማንነቱ መግለጥ እንጂ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አይደለም። የሚያስፈልገው ቁጥሮቹን አንድ በአንድ የሚተካ መለወጫ ፕሮግራም ነው፤ ለዚያውም ጽሑፉ በየትኛው ፎንት እንደ ተጻፈ መታወቅ አለበት።

ለግራ መጋባቱ አንድ ምክንያት እንዳለ አልክድም። «ፓወር ግዕዝ ዩኒኮድ»፣ «ቪዥዋል ግዕዝ ዩኒኮድ» የሚሉ የፎንት ስሞች አሉ፤ ትርጓሜያቸውም «የዩኒኮድን ቁጥር የሚከተል ፎንት» ማለት ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው «ኒያላ» እና የጉግሉ «ኖቶ» የዩኒኮድን ስም ሳይሸከሙ ያንኑ ቁጥር ይከተላሉ። በአንዱ የተጻፈ ጽሑፍ በሌላው ሲከፈት አንዲት ፊደል የማትጠፋውም ለዚህ ነው።

ጉዳቱ የሚደርሰው አማርኛው ተበላሽቶ ሲታይ ነው፤ መካሪዎቻችን ለሁሉም ብልሽት አንድ መድኃኒት ያዛሉና። ባዶ ሳጥኖች ከታዩ ቁጥሩ ደኅና ነው፣ የሚሥለው ፎንት ግን የለም፤ ፎንት መጫን ይፈታዋል። አናቷ ላይ ጭረት ያለባት የላቲን «ኤ» (á) በየሦስት ምልክቱ እየተመላለሰች ከታየች ደግሞ፣ በዩቲኤፍ-8 የተጻፈውን ፕሮግራሙ በምዕራብ አውሮፓ ሠንጠረዥ እያነበበው ነው። አንድ የእኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት (የፋይል ቦታ የሚለካበት አሐድ) ስለሚይዝና የተለመዱት ፊደሎቻችን ሁሉ የመጀመሪያ ባይታቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው ያቺ ሆሄ የምትደጋገመው። በዚህ ጊዜ ማንም እላዩ ላይ ሳያስቀምጥበት የንባቡን ሠንጠረዥ ማስተካከል ይበቃል።

ሦስተኛው ግን ሌላ ነው። በፊደሎቹ ምትክ «????» ከታየ፣ ጽሑፉን የተቀበለው ቋት፣ ማለትም የመረጃ ማከማቻው፣ ለፊደላችን ቦታ የሌለው ሠንጠረዥ ይዞ ስለነበር እያንዳንዱን ፊደል በጥያቄ ምልክት ተክቶታል ማለት ነው። እነዚያ ጥያቄ ምልክቶች የፊደሎቹ ጥላ አይደሉም፤ ፋይሉ ውስጥ ያሉት እነርሱ ራሳቸው ናቸው። ከመጠባበቂያ ቅጂ በቀር የሚመልሳቸው የለም። በአንድ መሥሪያ ቤት የተመዝጋቢዎች ስም በዚህ መልክ መታየት ሲጀምር «የዩኒኮድ ፎንት ጫኑ» ተባለ፤ ፎንቱ በየኮምፒውተሩ ሲጫን ሳምንታት አለፉ፣ በእነዚያ ሳምንታትም አዳዲስ ስሞች እየተመዘገቡ፣ እየጠፉም ቀጠሉ። በመጀመሪያው ቀን ምዝገባውን ማቆም ይገባ ነበር። የቃሉ ትርጉም ያሳስበኛል የምለው ለዚህ ነው።

«ሰላም» ብሎ ጽፎ ስለታየ ብቻ «አማርኛ ይሠራል» ማለትም ፍተሻ አይደለም። እኔ የምሞክረው «ፏፏቴ»፣ «ቋንቋ»፣ «ሟች» በሚሉ ቃላት፣ በ«፤» እና በ«፦»፣ እንዲሁም በ«፲፱፻፺» ነው፤ ከዚያም ተቀምጦ፣ ተዘግቶ፣ በሌላ መሣሪያ ሲከፈት ምን እንደሚመስል አያለሁ። ርዝመትም መሞከር አለበት። 255 ባይት ብቻ የሚቀበል የመጻፊያ ቦታ 85 ፊደል ላይ ይሞላል፤ የቆረጠው ፕሮግራም ጥንቃቄ ከጎደለው የመጨረሻዋን ፊደል ከመካከሏ ይሰብራታል። በላቲን 160 ሆሄ የሚይዘው የስልክ አጭር መልእክትም በአማርኛ 70 ላይ የሚያበቃው በተመሳሳይ የቦታ ጉዳይ ነው።

ዩኒኮድ የማይሠራውንም መናገር አለብኝ፤ ሁሉን ነገር ከእርሱ የሚጠብቁም አሉና። «ጸ» 4920፣ «ፀ» 4928 ናቸው፤ መዝገቡ ድምፃቸው አንድ መሆኑን አያውቅም። «ፀሐይ» ብሎ ለፈለገ ሰው «ጸሀይ»ን ማምጣት የፍለጋ ፕሮግራሙ ሥራ ነው። በአራት ነጥብ ፈንታ ሁለት ጊዜ የተጫነ የላቲን ሁለት ነጥብም ለዓይን ቢመሳሰልም ለኮምፒውተሩ አራት ነጥብ አይደለም፤ ዓረፍተ ነገር የሚቆጥር ፕሮግራም አያየውም።

መዝገቡም ገና እየሰፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው 14ኛው ዕትም ለጉራግኛ አጻጻፍ 28 ፊደላት ተጨምረዋል። እነዚህ የተሰጣቸው ቁጥር ከፍ ያለ ስለሆነ በዩቲኤፍ-8 የሚይዙት አራት ባይት ነው፤ ለአንድ ፊደል ከሦስት ባይት በላይ የማይፈቅዱ የቆዩ ቋቶችም አይቀበሏቸውም። ቋቱ ተቀብሏቸው፣ ቁጥራቸው በትክክል ተቀምጦ፣ በስልኩ ላይ ሳጥን ሆነው ከታዩ ግን ስልኩ ያለው ፎንት ከዚያ ዓመት በፊት የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ላይ አዲስ ፎንት መጫን ትክክለኛው መፍትሔ ነው።