ያልተማከለ ቴክኖሎጂና የአቻ ግምገማ፦ ከሐዋሳ ሲታይ

የአቻ ግምገማ አንድ የምርምር ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት በዚያው ዘርፍ የሚሠሩ ሌሎች ተመራማሪዎች አንብበው የሚፈትሹበት አሠራር ነው። በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ብዙው ሰው "ሪቪው" ይለዋል፤ ፈታሹን ደግሞ "ሪቪወር"። ያልተማከለ ቴክኖሎጂ የሚባለው መዝገብን፣ ፋይልን ወይም የመወሰን ሥልጣንን በአንድ ድርጅት ሰርቨር ላይ ከማከማቸት ይልቅ ለብዙ እጆች የሚያከፋፍል ነው። ብሎክቼን፣ አይፒኤፍኤስ፣ ጊት፣ እንዲሁም የተለያዩ ማከማቻዎችን እርስ በርስ የሚያነጋግሩ ክፍት ፕሮቶኮሎች በዚህ ስም ይጠራሉ። እነዚህን መሣሪያዎች ለግምገማና ለጋራ ምርምር ለማዋል ባለፉት አሥር ዓመታት ብዙ ተሞክሯል። ይህ ዳሰሳ ነገሩን ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ርቃ ከምትገኘው ከሐዋሳ ሆኖ ያየዋል፤ የነባሩ አሠራር ጉድለት ጎልቶ የሚታየው ከማዕከሉ ርቆ ለተቀመጠ ሰው ነውና። (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

አንድ የእንሰት ጽሑፍ

የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ መነሻ በ1976 የተከፈተው የአዋሳ እርሻ ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ ከወንዶ ገነት የደን ኮሌጅና ከዲላው የመምህራንና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ጋር ተዋህዶ በ2000 ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ የአሁኑን ስሙን ያገኘው በ2006 ነው። ዲላ በኋላ ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ይህ አመጣጥ በምርምሩ ላይ ዛሬም ይታያል፤ እንሰት፣ ቡና፣ ደን፣ የሐይቁ ቆሮሶና አምባዛ ከግቢው የማይጠፉ ርዕሶች ናቸው።

እንሰትን እንውሰድ። ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ኢትዮጵያዊ የሚመገበው ተክል ነው፤ በሲዳማ ከእሱ የሚዘጋጀው ምግብ ዋሳ ይባላል። ተክሉን የሚያደርቀው የአጠውልግ በሽታ መንስኤ ባክቴሪያ መሆኑ በሳይንስ ጽሑፍ የተመዘገበው በ1968 ሲሆን እስካሁን ገበሬውን ያስለቅሳል። እንበልና አንዲት የሐዋሳ መምህርት ስለዚህ በሽታ ሦስት ዓመት ማሳ ለማሳ ተንከራትታ የሰበሰበችውን መረጃ ጽፋ ለውጭ ጆርናል ላከች። አርታኢው ሁለት ወይም ሦስት ገምጋሚ መፈለግ አለበት። እንሰትን አብጠርጥሮ የሚያውቀው ሰው ደግሞ በአብዛኛው ያለው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፤ ቁጥሩም በጣት የሚቆጠር ነው። ስም ተሸፍኖ ይገመገማል ቢባልም የሙከራ ማሳው ያለበትን ወረዳና የተተከሉትን ዝርያዎች ያየ ገምጋሚ ጸሐፊዋ ማን እንደሆነች ከሁለተኛው ገጽ ሳያልፍ ያውቃል።

ከወራት በኋላ "አልተቀበልነውም" የሚል ደብዳቤ ቢመጣ መምህርቷ ጽሑፉን አስተካክላ ለሌላ ጆርናል ትልካለች። ሁለተኛው ጆርናል ከዜሮ ይጀምራል። የመጀመሪያዎቹ ገምጋሚዎች ሌሊት ተቀምጠው የጻፉት አራትና አምስት ገጽ አስተያየት በአንድ አሳታሚ ሰርቨር ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል፤ ሌላ ሰው አያነበውም፣ ለጻፈውም ሰው የማዕረግ ዕድገት ሲጠይቅ የሚያሳየው ማስረጃ አይሆነውም። በ2020 ብቻ በዓለም ዙሪያ ገምጋሚዎች ለዚህ ሥራ ያዋሉት ጊዜ ከ100 ሚሊዮን ሰዓት በላይ እንደሆነ በ2021 የታተመ ስሌት ያሳያል። አብዛኛው ያለ ክፍያ የተሠራ ነው። በእኔ ግምት የነባሩ ሥርዓት ትልቁ በደል ይህ ነው፤ ከመዘግየቱም ከወጪውም በላይ የሰው ድካም መዝገብ አልባ ሆኖ መቅረቱ።

አሠራሩ ከየት መጣ

የመጀመሪያው የሳይንስ ጆርናል ተብሎ የሚጠቀሰው የለንደኑ ፊሎሶፊካል ትራንዛክሽንስ በ1665 ሲጀመር የሚታተመውን የሚመርጠው አርታኢው ሄንሪ ኦልደንበርግ ነበር። ለውጭ ገምጋሚ መላክ ደንብ የሆነው እጅግ ዘግይቶ ነው፤ ኔቸር እንኳ አሠራሩን ለሁሉም ጽሑፍ ግዴታ ያደረገው በ1973 ነው። አልበርት አይንስታይን በ1936 ለፊዚካል ሪቪው የላከው ጽሑፍ ሳይነገረው ለገምጋሚ በመሰጠቱ ተቆጥቶ መልሶ ወስዶታል። ገምጋሚው ያገኘው ስሕተት ግን እውነተኛ ነበር፤ ጽሑፉም በሚቀጥለው ዓመት በሌላ ጆርናል የወጣው መደምደሚያው ተቀይሮ ነው። ሁለተኛ ዓይን ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም።

ሁለተኛው ዓይንም ግን ይሳሳታል። በ1982 በታተመ ጥናት ሁለት ተመራማሪዎች ቀድሞ የታተሙ 12 የሥነ ልቦና ጽሑፎችን የጸሐፊና የተቋም ስም ቀይረው አስቀድመው ላወጧቸው ለእነዚያው ጆርናሎች መልሰው ላኩ። 3ቱ ተነቃባቸው። ከቀሩት 9ኙ ውስጥ 8ቱ ውድቅ ሆኑ። ከዚህ የባሰው ደግሞ ማጭበርበሩ ነው፦ በ2014 አንድ የምሕንድስና ጆርናል በሐሰተኛ ኢሜይል የተፈጠሩ ገምጋሚዎች ያሳለፏቸውን 60 ጽሑፎች ሰርዟል፤ በ2023 በዓለም የተሰረዙት ጽሑፎች ከ10 ሺህ አልፈዋል።

የእድር መዝገብ

ብሎክቼንን ለመረዳት እድርን ማሰብ ይበቃል። የእድሩ መዝገብ በጸሐፊው ቤት ይቀመጣል። ጸሐፊው ታማኝ ከሆነ ችግር የለም፤ ደብተሩ ቢቃጠል ወይም አንድ መስመር ቢፋቅ ግን ማን መዋጮ እንደከፈለ የሚያረጋግጥ የለም። አሁን እያንዳንዱ አባል የመዝገቡን ሙሉ ቅጂ ቤቱ ቢይዝና አዲስ መስመር የሚገባው ቅጂዎቹ ሲስማሙ ብቻ ቢሆን፣ ብቻውን ሊሰርዝ የሚችል ሰው አይኖርም። ከ2009 ጀምሮ በቢትኮይን፣ ከ2015 ጀምሮ ደግሞ በኢቴሪየም የሚሠራው ነገር በመሠረቱ ይኸው ነው።

ለምርምር ጠቃሚው ክፍል ሃሽ የሚባለው ስሌት ነው። ሃሽ አንድ ገጽም ይሁን አንድ ሺህ ገጽ ማንኛውንም ፋይል ወደ አጭር አሻራ ይለውጣል፤ ሻ-256 በሚባለው ዘዴ አሻራው ሁልጊዜ 64 ፊደላትና አሃዞች ነው። የእንሰት ጽሑፏ ሁለተኛ ሠንጠረዥ ላይ ያለ 14.3 ወደ 14.8 ቢቀየር፣ ወይም አንድ አራት ነጥብ ብትጨመር፣ አሻራው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው ሌላ ይሆናል። ከአሻራው ተነሥቶ ደግሞ ጽሑፉን መልሶ ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ መምህርቷ ጽሑፏን ለማንም ሳታሳይ አሻራውን ብቻ በጋራ መዝገብ ላይ ብታሰፍር፣ በዚያ ቀን ያ ጽሑፍ በእጇ እንደነበረ ማስረጃ ይኖራታል። ሐሳቤ በገምጋሚ ይሰረቅብኛል ብሎ የሚሰጋ ተመራማሪ ብዙ ነውና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ገምጋሚም በተመሳሳይ መንገድ የሪፖርቱን አሻራ ከቀኑ ጋር ሊያስመዘግብ ይችላል።

በ2015 የወጣው የፋይል ማጋሪያ መረብ አይፒኤፍኤስ ይህንኑ አሻራ የፋይል አድራሻ ያደርገዋል፤ ፋይሉ የሚፈለገው "የት ነው ያለው" ተብሎ ሳይሆን "አሻራው ይህ የሆነው የማን እጅ ላይ አለ" ተብሎ ነው። ሆኖም ፋይሉን አቆየዋለሁ የሚል ሰው ከሌለ ይጠፋል። በ1999 በስታንፎርድ የተጀመረው ሎክስ የተሰኘው ፕሮግራም ይህን በቤተ መጻሕፍት ትብብር ይፈታዋል፤ ብዙ ቤተ መጻሕፍት ተመሳሳይ ቅጂ ይዘው በየጊዜው እያስተያዩ የተበላሸውን ይጠግናሉ። ክሪፕቶ (ዲጂታል ገንዘብ) የለበትም፣ ዜናም አይሆንም፤ ግን ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቷል። ነፃው የጆርናል ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ኦጄኤስም ጆርናሎችን በዚሁ መንገድ የሚያቆይ መረብ አለው። እንደ ሐዋሳው ጆርናል ኦፍ ሳይንስ ኤንድ ዴቨሎፕመንት ላሉ በዩኒቨርሲቲ ለሚታተሙ ጆርናሎች የሚቀርባቸው ይህ ዓይነቱ ነው።

መስመሩ ሲቆረጥ

በ2020 ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቷል። ጽሑፉን ኦንላይን ሰነድ ላይ ብቻ ከባልደረቦቹ ጋር የሚጽፍ ሰው በዚያ ሰሞን እጁ ታስሮ ነበር። በ2005 የተፈጠረው ጊት የዚህ ተቃራኒ ነው። የሥራው ታሪክ በሙሉ፣ ማን የትኛውን ቃል መቼ እንደቀየረ ጭምር፣ በእያንዳንዱ ተባባሪ ላፕቶፕ ላይ ይቀመጣል። በወንዶ ገነት ያለው ኔትወርክ ሳይኖረው ይሠራል፣ በሐዋሳ ያለችውም ትሠራለች፤ መስመሩ ሲመለስ ሁለቱን ሥራ ማዋሃድ ነው። ፍላሽ ዲስክም ይበቃል። ከ2016 ጀምሮ አንድ የሶፍትዌር ምርምር ጆርናል ግምገማውን ሙሉ በሙሉ ጊትሃብ በሚባለው የጊት ሥራዎች ማኖሪያ ድረ ገጽ ላይ፣ ሁሉም እያየ ያካሂዳል። ጊትሃብ የማይክሮሶፍት ንብረት ስለሆነ ያው አንድ ማዕከል ነው ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ቅጂው በሁሉም እጅ ስላለ ማዕከሉ ቢዘጋ ሥራው አብሮ አይጠፋም።

ግምገማን ከጆርናል የመነጠል ሐሳብም እዚህ ላይ ይገባል። በፈረንሳይ የተጀመረው ፒር ኮሚዩኒቲ ኢን ፕሪፕሪንቶችን (በጆርናል ከመታተማቸው በፊት በይፋ የተለቀቁ ጽሑፎችን) ያለ ክፍያ አስገምግሞ፣ ሲያጸድቃቸው ሪፖርቶቹን ከጸሐፊው መልስ ጋር በይፋ ያወጣል። ኢላይፍ የተባለው የሕይወት ሳይንስ ጆርናል ከ2023 ጀምሮ ለግምገማ የላከውን ጽሑፍ "ተቀብያለሁ" ወይም "ጥያለሁ" ማለቱን ትቶ ከግምገማው ጋር ያትማል። ኮአር ኖቲፋይ የተባለው ፕሮቶኮል ደግሞ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ማከማቻ "ይህ ጽሑፍ ይገምገምልን" የሚል መልእክት ለሌላ አገልግሎት እንዲልክና ግምገማው ሲያልቅ ማገናኛው ተመልሶ እንዲመጣለት ያደርጋል። ኢትዮጵያ በ2019 ባወጣችው የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ምርምር በብሔራዊ ማከማቻ እንዲቀመጥ ስለደነገገች፣ እንዲህ ያለው ግንኙነት የሚያርፍበት ቦታ አለ።

የገንዘቡና የስሙ ጉዳይ

ስለ ብሎክቼንና ምርምር ሲወራ ጎልቶ የሚሰማው ለገምጋሚ በቶክን (በብሎክቼን ላይ በሚመዘገብ ዲጂታል ሳንቲም) መክፈል ነው። ሪሰርችሃብ የሚባለው መድረክ ይህን ያደርጋል። በኢትዮጵያ ግን ብሔራዊ ባንክ በ2022 በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል፤ ስለዚህ የሐዋሳ ገምጋሚ የሚሰጠው ቶክን ሕጋዊ ብር ሊሆንለት አይችልም። ሕጉ ቢፈቅድ እንኳ እኔ እፈራዋለሁ። ክፍያ በቁጥር ሲሆን ችኮላ ይመጣል፤ ሦስት መስመር ተጽፎ "ጥሩ ሥራ ነው" የሚባልበት ግምገማ ይበዛል።

የማንነት ጥያቄ ከዚህ ይከብዳል። ማንም ሰው ገብቶ መገምገም ከቻለ አንድ ሰው በሃምሳ ስም ገብቶ የራሱን ጽሑፍ ሊያወድስ ይችላል፤ የ2014ቱ ማጭበርበር በትልቁ ማለት ነው። ከ2012 ጀምሮ የሚሰጠው ባለ 16 አሃዙ የመለያ ቁጥር ኦርኪድ ተመራማሪን ከስሙ መመሳሰል ያድነዋል። አበበ ከበደ የሚባል በየዲፓርትመንቱ በሚገኝበት አገር ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም እየወሰዱ ለሚያምታቱ የውጭ መዝገቦችም መላ ነው። ኦርኪድ ራሱ በአንድ ለትርፍ ባልቆመ ድርጅት ስለሚተዳደር በጥብቅ ትርጉሙ ያልተማከለ አይባልም። በ2022 ደረጃው የጸደቀው ያልተማከለ መለያ ግን ባለቤቱ በራሱ ቁልፍ የሚይዘው ነው። ከዜሮ ዕውቀት ማረጋገጫ ጋር ሲጣመር "በእንሰት ላይ ዶክትሬት አለኝ" ብሎ ስምን ሳይገልጹ ማረጋገጥ በሒሳብ ይቻላል። የአስተያየቱን አጻጻፍ አይቶ ባለቤቱን የሚለይ ባልደረባ ባለበት ትንሽ ዘርፍ ግን ሒሳቡ ብቻውን አይሸሽግም።

የማይፋቅ መዝገብ የራሱ ጣጣ አለው። አንድ ገምጋሚ በንዴት የጻፈው ቃል፣ ወይም በስሕተት የገባ የታካሚ መረጃ፣ ለዘላለም መቆየት የለበትም። በ2024 የወጣው የኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ መረጃን የማስሰረዝ መብት ይሰጣል። መፍትሔው ሪፖርቱን ራሱን ሊሰረዝ በሚችል ማከማቻ ማስቀመጥና በመዝገቡ ላይ አሻራውን ብቻ ማኖር ነው።

በሲዳማ አፊኒ የሚባል የምክክር ሥርዓት አለ፤ ቃሉ "ሰማችሁ ወይ?" እንደማለት ነው። ነገሩ የሚመለከታቸው ሁሉ ሰምተው፣ ተናግረው፣ ተደማምጠው ሳይጨርሱ ውሳኔ አይሰጥም፤ የተናገረው ሰውም ማን እንደሆነ ይታወቃል። ክፍት ግምገማ ለሐዋሳ ባዕድ የማይመስለኝ ለዚህ ነው።

መምህርቷ ዛሬ ብትጀምር ኦርኪድ ማውጣት፣ ጽሑፉን በፕሪፕሪንት ማስቀመጥ፣ መረጃውን በጊት መያዝና ግምገማው በይፋ የሚታይበትን መንገድ መምረጥ ትችላለች፤ አንዱም ክፍያ አይጠይቃትም። ግምገማው በይፋ ከወጣ፣ ውድቅ ብትሆን እንኳ ሪፖርቱ ጽሑፉን ተከትሎ ይሄዳል። የዝርያዎቹን ስም በተመለከተ ግን ሌላ ገምጋሚ ያስፈልጋታል። አንዱ እንሰት በየአካባቢው በተለያየ ስም ይጠራል፤ አንዱ ስምም ለተለያየ እንሰት ይሰጣል። ሠንጠረዡ ላይ ሁለት ሆኖ የተጻፈው በእውነት አንድ መሆኑን በቅጠሉ መልክ የምትለየው ዕድሜዋን እንሰት ስትፍቅ የኖረች እናት ናት። የብዙዎቹ መድረኮች የገምጋሚ መመዝገቢያ ቅጽ ግን የሚጠይቀው የዲግሪ ዓይነትና የኢሜይል አድራሻ ነው፤ የሚጠይቀውም በእንግሊዝኛ ነው።