እግዚአብሔር የሚጠላው ምንድን ነው? እኛ የምንለውና መጽሐፉ የሚለው

አንድ የጎረቤታችን ልጅ ሃያ ዓመት ሳይሞላው አርፎ፣ ድንኳን ተጥሎ ለቅሶ ተቀምጠን ነበር። እናቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ዐይኗን መሬት ላይ ተክላ አንድ ነገር ብቻ ትደጋግማለች፦ «እግዜር ቢጠላኝ ነው። ቢጠላኝ ነው እንጂ ምን አድርጌው?» ከአጠገቧ ከነበሩት ሴቶች «ተይ፣ እንዲህ አትበይ» ያለቻት አንዲት ብቻ ናት፤ ሌሎቻችን አንገታችንን ደፋን። በለቅሶ መካከል ጥቅስ መደርደር ሐዘንተኛን አያጽናናምና እኔም ዝም አልኩ። ነገሩ ግን ከልቤ አልወጣ ስላለ፣ ቤቴ ገብቼ መጽሐፍ ቅዱስ ስለ እግዚአብሔር «ጠላ»፣ «ተጸየፈ» የሚልባቸውን ቦታዎች እየፈለግሁ ማንበብ ጀመርኩ። እሱ ባላለበት ቦታ ጥላቻውን ስንለጥፍ፣ ባለበት ቦታ ደግሞ ሳንፈራ እንደምናልፍ ያየሁት ያኔ ነው። ብዙ ጊዜ የምሰማቸውን አባባሎች እያነሣሁ ያገኘሁትን ልጻፍ።

«መከራ የሚደርስበት እግዜር የጠላው ሰው ነው»

«እግዚአብሔር ጠልቶን ነው» የሚለው ንግግር መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ፤ ዘዳግም 1፥27 ላይ። የተናገሩት እስራኤላውያን ናቸው፣ ያውም በድንኳናቸው ተቀምጠው። ሰላዮቹ ከከነዓን ተመልሰው የከተሞቹን ቅጥርና የሰዎቹን ቁመት ሲያወሩ የሕዝቡ ልብ ቀለጠ፤ «እግዚአብሔር ስለ ጠላን ነው ከግብፅ ያወጣን» ብለውም አንጐራጐሩ። ከባርነት ያወጣቸውን አምላክ፣ ያወጣን ጠልቶን ነው አሉት። የሙሴ መልስ እዚያው ምዕራፍ ላይ ጥቂት ዝቅ ብሎ ይገኛል፦ ሰው ልጁን እንደሚሸከም፣ እግዚአብሔር በምድረ በዳ ተሸከመህ (1፥31)። የፈራ ልብ «ጠላኝ» ሲል መጽሐፉ «ተሸከመህ» ይላል። ለዚያች እናት አንድ ቃል ብነግራት የምመርጠው ይህንን ነበር።

የኢዮብ ወዳጆችም ታሪክ እዚሁ ይገባል። መጀመሪያ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንዲት ቃል ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ያደረጉት መልካም ነገር ይኸው ነበር። አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ግን መከራው የኃጢአቱ ዋጋ እንደሆነ ሊያስረዱት ደከሙ። በመጽሐፉ መጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በኢዮብ ላይ አልነበረም። ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ብሎ የተቆጣው በእነዚያ አስረጂዎች ላይ ነው (42፥7)። ጌታችንም ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው «እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ የበደሉ?» ብለው ሲጠይቁት «እሱም አልበደለ፣ ወላጆቹም» ብሏል (ዮሐንስ 9፥3)። የሰሊሆም ግንብ ተንዶ ስለገደላቸው 18 ሰዎች ሲናገርም ከሌላው የኢየሩሳሌም ነዋሪ የባሱ በደለኞች እንዳልነበሩ አስረግጦ ነግሯቸዋል (ሉቃስ 13፥4)። አካል ጉዳተኛ ልጃቸውን «የእርግማን ነው» እየተባሉ ከጓዳ ደብቀው የሚያሳድጉ ወላጆች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ያ ፍርድ ከመጽሐፉ የተገኘ አይደለም፤ እኛ የፈረድነው ነው።

«የሚጠላቸው ሰባት ነገሮች ዝሙት፣ ስካርና ሆዳምነት የመሳሰሉት ናቸው»

ብዙ ሰው ምሳሌ 6፥16-19ን «ሰባቱ ታላላቅ ኃጢአቶች» ከሚባሉት ጋር ያደባልቃል። ሰባቱ ታላላቅ ኃጢአቶች እንደ ዝርዝር በመጽሐፍ ቅዱስ የሉም። መነሻቸው በ4ኛው መቶ ዘመን በግብፅ በረሃ የነበረው መነኩሴ ኤቫግሪዮስ የጻፋቸው ስምንት ክፉ አሳቦች ናቸው፤ በ6ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ የሮማው ጳጳስ ታላቁ ጎርጎርዮስ ወደ ሰባት አደረጋቸው። ከሰሎሞን ዝርዝር ጋር በግልጽ የሚገናኙት በትዕቢት ነው።

የምሳሌው ዝርዝር እንዲህ ነው፦ ትዕቢተኛ ዓይን፣ ሐሰተኛ ምላስ፣ ንጹሕ ደም የምታፈስ እጅ፣ ክፉ አሳብ የሚያበቅል ልብ፣ ወደ ክፉ የምትሮጥ እግር፣ ሐሰተኛ ምስክር፣ በወንድማማች መካከል ጠብ የሚዘራ። አምስቱ የሰውነት ክፍሎች ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ግን ሙሉ ሰው ናቸው። ከሰባቱ ደግሞ ሦስቱ የአፍ ሥራ ናቸው። ይህ ማለት ዝሙት ቀላል ነው ማለት አይደለም፤ ያው ምዕራፍ ወዲያው ቀጥሎ ከሰው ሚስት ራቅ እያለ ረጅም ምክር ይመክራል። ነገር ግን እኛ ስለ ኃጢአት ስናወራ መጀመሪያ ወደ አፋችን የሚመጣው ነገር በዚህ ዝርዝር ውስጥ አለመኖሩ ቆም አድርጎ ሊያሳስበን ይገባል።

አቀማመጡንም ልብ እንበል። «ስድስት ናቸው፣ ሰባትንም ነፍሱ ትጸየፋለች» የሚለው የዕብራውያን የቅኔ ልማድ ነው፤ አሞጽም «ስለ ሦስት ኃጢአት፣ ስለ አራትም» ይላል። እንዲህ ቁጥር ከፍ ተደርጎ ሲነገር ክብደቱ የሚያርፈው በመጨረሻው ላይ ነው። ስለዚህ የዝርዝሩ ጫፍ ነፍሰ ገዳዩ እንኳ አይደለም፤ ወንድማማቾችን የሚያጣላው ነው። አንዱ ቤት የሰማውን ቅመም ጨምሮ ሌላው ቤት የሚያደርስ፣ ያላጣራውን ወሬ በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚበትን፣ የአንዱን አካባቢ ሰው ሬሳ እያሳየ ሌላውን ለበቀል የሚያነሣሣ ሰው እጁ ላይ ደም ስለሌለ ንጹሕ የሆነ ይመስለዋል። እኛም «ወሬኛ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ባለፉት ዓመታት በወሬ ተነሣስቶ ስንት ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ እንደዞረ ያየን ሰዎች ግን ይህንን ቁጥር ማለፍ አይገባንም።

ሐሰተኛ ምስክር ሲባልም እንደዚሁ። ለዘመድ ብሎ መመስከር በብዙዎቻችን ዘንድ እንደ ውለታ ይቆጠራል፤ ሳይመሰክር የቀረ ዘመድ ነው የሚወቀሰው። 1ኛ ነገሥት 21ን ያነበበ ግን ናቡቴ የወይን ቦታውንም ሕይወቱንም ያጣው በሁለት ሰዎች ቃል እንደሆነ ያውቃል። ጾም ታውጆ፣ ጉባኤ ተቀምጦ፣ ሁሉ ነገር ሥርዓቱን ጠብቆ ነው በድንጋይ የተወገረው።

«ርኩሰት የሚባለው ጣዖትና የሥጋ ኃጢአት ብቻ ነው»

ምሳሌ 11፥1 «አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ናት» ይላል። አባይ ማለት እዚህ ዋሾ ማለት ነው፤ ሚዛኑ ራሱ ይዋሻል። በዕብራይስጡ እዚህ የገባው ቃል ቶዔባ ነው፤ ጣዖት አምልኮና ልጅን በእሳት መሠዋት የተኰነኑበት ያው ቃል። በዚያ ዘመን መመዘኛው በከረጢት የሚያዝ ድንጋይ ነበር፤ በይሁዳ ምድር በቁፋሮ የተገኙ ልዩ ልዩ የሚዛን ድንጋዮች አሉ፤ አንድ ሰቅል 11 ግራም ከጥቂት ያህል ነው። አጭበርባሪው ሁለት ዓይነት ድንጋይ ይይዛል፤ ሲገዛ በትልቁ፣ ሲሸጥ በትንሹ ይመዝናል። ዘዳግም 25፥13-16 ይህንን የሚያደርግ ሁሉ በእግዚአብሔር ዘንድ የተጠላ ነው ይላል።

ዛሬ ድንጋዩ ቀርቶ በቅቤ ውስጥ የተደበላለቀ ሙዝ፣ በበርበሬ ውስጥ የተፈጨ ሸክላ ሆኗል። በአሞጽ ዘመንም ነጋዴዎቹ የሰንበትን ማለፍ የሚጠብቁት የስንዴውን ግርድ ለመሸጥ ነበር (8፥5-6)። ግርድ ምን እንደሆነ ለእህል ገበያ ሰው አይነገረውም። እናቶቻችን በሰፌድ አንገዋልለው ለዶሮ የሚደፉት ነው፤ እሱን ነው ለድኻው የሸጡለት።

«ጾሜን ከጾምኩ፣ በዓሌን ካከበርኩ የሚጠላብኝ ነገር የለም»

አሞጽ በቴቁሔ ከብት ጠባቂ ነበር፤ በ8ኛው መቶ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ወደ ሰሜን ወጥቶ በቤቴል መቅደስ ቆሞ የተናገረው ለሰሚው ከባድ ነበር። «ዓመት በዓላችሁን ጠልቼዋለሁ» ይላል እግዚአብሔር፤ መሥዋዕታቸውን አልቀበልም፣ የዝማሬያቸውንም ጩኸት አርቁልኝ ይላል (5፥21-23)። በዓሉን ያዘዘው እሱ ራሱ ነው። የተጠላው በዓሉን በሚያከብሩት ሰዎች እጅ ውስጥ ያለው ያ የግርድ ንግድና የድኻው ፍርድ መጣመም ነው፤ ቀጥሎ «ፍርድ እንደ ውኃ ይፍሰስ» የሚለውም ለዚህ ነው። ኢሳይያስም በምዕራፍ 1 ያንኑ ይላል፤ ጸሎት የማይሰማበትን ምክንያት ሲናገር «እጆቻችሁ ደም ተሞልተዋል» ነው ያለው።

ይህ ጾምን ለማቃለል የሚጠቀስ ጥቅስ አይደለም። እኔ የምጾም ሰው ነኝ፤ የሚያስፈራኝም ለዚሁ ነው። አባቶቻችን «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ያሉት ነቢያቱን በደንብ ስለሰሙ ይመስለኛል።

«እግዚአብሔር ፍቺን ስለሚጠላ ሴት ልጅ እየተደበደበችም ትኑር»

ሚልክያስ 2፥16 ላይ «መፋታትን እጠላለሁ» የሚል አለ። ግን ለማን እንደተነገረ ከቁጥር 13 ጀምሮ ማንበብ ያስፈልጋል። ነቢዩ የሚገሥጸው የልጅነት ሚስቶቻቸውን የከዱ ወንዶችን ነው፤ የእግዚአብሔር መሠዊያ በእንባ ተሸፍኗል ይላል። ያ ቁጥር ራሱ በመፋታት አያበቃም፤ ልብሱን በግፍ የሚከድነውን ሰውም በዚያው ትንፋሽ ያነሣል። የዕብራይስጡ ዐረፍተ ነገር ለትርጉም አስቸጋሪ ነው፤ ሰብዓ ሊቃናት የሚባለው ጥንታዊው የግሪክ ትርጉም «ጠልተህ ብትፈታት» ብሎ ወደ ባልየው ያዞረዋል። በየትኛውም ንባብ ቢሆን ጥቅሱ የተነገረው ለተበደለችው ሴት ጥብቅና ነው። ሽማግሌ ተቀምጦ የተሰበረ እጇን እያየ ይህንን ቁጥር ጠቅሶ «ቻይው» የሚላት ሰው ግማሹን አንብቦ ግማሹን ትቶታል። እርቅ ትልቅ ነገር ነው፤ ግፉ ሳይነሣ የሚደረግ እርቅ ግን ያንን ልብስ መልሶ መከደን ነው።

«ኃጢአትን ይጠላል፣ ኃጢአተኛን ይወዳል» የሚል ጥቅስ አለ

ቃሉ በዚህ መልክ የለም። ለዚህ የሚቀርበው አውግስጢኖስ በ5ኛው መቶ ዘመን ለሴት መነኮሳት በጻፈው ደብዳቤ፣ ጥፋተኛዋን እህት ሲያርሙ ሰውን እየወደዱ ጥፋትን እየጠሉ እንዲሆን ያዘዘው ነው። መዝሙር 5 «ዓመፃ የሚያደርጉትን ሁሉ ጠላህ» ስለሚል አባባሉ ብቻውን ነገሩን አይጨርሰውም። ሌላውን ወገን ደግሞ ሕዝቅኤል 33፥11 ይዟል፦ በኃጢአተኛው ሞት ደስ አይለኝም፣ ተመልሶ በሕይወት ቢኖር እንጂ። በመዝሙር 10 (በዕብራይስጡ አቆጣጠር መዝሙር 11) የምናገኘው ልዩነት ደግሞ ያስደንቀኛል። ዕብራይስጡ የግፍ ወዳጅን የእግዚአብሔር ነፍስ ትጠላዋለች ሲል፣ ከሰብዓ ሊቃናት የመጣው የእኛ ዳዊት «ዓመፃን የወደደ ነፍሱን ጠልቶአል» ይላል። ከልጅነታችን ጀምሮ የምንደግመው ዳዊት ክፉ አድራጊውን የራሱ ነፍስ ጠላት አድርጎ ነው ያየው።

«ጥላቻ የብሉይ ኪዳን ነገር ነው» የሚሉ ደግሞ ዕብራውያን 1፥9 ስለ ወልድ «ዓመፅን ጠላህ» ብሎ መጥቀሱን፣ ራእይ 2፥6 ኒቆላውያን ስለተባሉት ወገኖች ሥራ የሚለውንም ይመልከቱ። እዚያም የተጠላው ሥራቸው ነው።

«ያዕቆብን ወዶ ዔሳውን ጠላ፤ እንግዲህ የጠላው ዘር አለ»

ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው፤ ወንድም በወንድሙ ላይ ሲነሣ ጎልቶ ይወጣልና። ጥቅሱ በሚልክያስ 1፥2-3 አለ፤ ጳውሎስም በሮሜ 9 ደግሞታል። «ጠላ» በዕብራውያን አነጋገር ከሌላው ያነሰ መወደድንም ይገልጻል፤ ዘፍጥረት 29 ያዕቆብ ራሔልን ከልያ ይልቅ ወደደ ካለ በኋላ በሚቀጥለው ቁጥር ልያን «የተጠላች» ይላታል። ሉቃስ 14፥26 ላይ «አባቱን የማይጠላ» የተባለውም በማቴዎስ 10፥37 «ከእኔ ይልቅ አባቱን የሚወድ» ተብሎ ተነግሯል። ሚልክያስ የሚናገረው ለኪዳን ስለተመረጠውና ስላልተመረጠው ወገን ነው፤ በዔሳው ስም የተጠራችው ኤዶም ደግሞ ኢየሩሳሌም ስትወድቅ ከባዕዳን ጋር ቆማ በወንድሟ ጥፋት ደስ ያላት ናት (አብድዩ 10-14)።

ዔሳው ራሱ ግን ሀብት ያገኘ፣ ወንድሙን ሮጦ አቅፎ የሳመ ሰው ነው (ዘፍጥረት 33፥4)። የሴይርን ተራራ ርስት አድርጎ የሰጠው እግዚአብሔር ነው፤ እስራኤልንም ከዚያ ምድር የጫማ መርገጫ ታህል እንኳ አልሰጣችሁም ብሏቸዋል (ዘዳግም 2፥5)። ከዚያም በምዕራፍ 23፥7-8 ለእስራኤል የተሰጠው ትእዛዝ እንዲህ ይላል፦ ኤዶማዊውን አትጸየፈው፣ ወንድምህ ነውና፤ በሦስተኛው ትውልድ የሚወለዱት ልጆቻቸው ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ ይግቡ።