የሚንተከተክ ሾርባ የሚፈሩ ተጓዦች

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ወደ ሃኖይ መብረር ከጀመረ ወዲህ ስለ ቬትናም የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። ሥራዬ ተጓዥ ማሰናዳት ነውና ጥያቄውን እወደዋለሁ። ያሰለቸኝ አብሮት የሚመጣው ፍርድ ነው። በምሽት ከአስጎብኚ ጀርባ ሞተርሳይክል ላይ ተቀምጦ ከሰፈር ሰፈር እየዞሩ የመንገድ ምግብ መቅመስን የመሰለ ነገር የለም ብዬ ሳልጨርስ «ሆድ ያበላሻል» የሚለው መልስ ይቀድመኛል።

ቀላል ቀላሉን ላስቀድም።

«ሞተር መንዳት አልችልም።» የሚነዳው አስጎብኚው ነው።

«ምግቡ ሁሉ ያቃጥላል።» በርበሬ ለለመደ አፍ በደቡብ ያለችው የሳይጎን (የሆ ቺ ሚን ከተማ) ምግብ ጣፋጭነቱ ያመዝናል፤ ቃሪያው ለብቻው በትንሽ ሳህን ይቀርባል።

«ሳናውቅ ውሻ ያበሉናል።» ይህን በሹክሹክታ ነው የሚጠይቁኝ። የውሻ ሥጋ የሚሸጠው በዚያው በታወቁ ቤቶች ነው፤ እነሱም በአብዛኛው በሰሜኑ ክፍል ናቸው። የሆይ አን ከተማ ደግሞ በ2021 እ.ኤ.አ. ንግዱን ለማስቀረት ስምምነት ፈርማለች። አስጎብኚ ለእንግዳው በስውር የሚያቀርብበት አንዳች ምክንያት የለውም።

አሁን ወደ ዋናው፦ «የመንገድ ምግብ ቆሻሻ ነው፤ የሆቴሉ ይሻላል።»

ይህን ከሚሉኝ መካከል ቅዳሜ ቅዳሜ ቁርጥ የማይቀርባቸው አሉ። ጥሬ ሥጋ ያለ ስጋት የሚጎርስ ሰው ዓይኑ እያየ ከሚንተከተክ ድስት የሚቀዳለትን ሾርባ እንዴት ይፈራል? ሆድ የሚያበላሸው የጣሪያ አለመኖር አይደለም። የበሰለ ምግብ ለብ ብሎ የቆየበት ሰዓት ነው፤ ያልታጠበ እጅና ያልጠራ ውሃ ነው።

በሳይጎን ታን ዲን ሰፈር ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ባን ሴዎ የሚባለው ቂጣ ሲጋገር ቆመው ይመልከቱ። ሴትዮዋ በእርድ ቢጫ የሆነውን የሩዝ ሊጥ በጭልፋ ቀድታ የጋለው ጥቁር መጥበሻ ላይ ስታፈስሰው ሊጡ ይጮኻል። ሽሪምፕ፣ ሥጋና የማሾ ቡቃያ ትበትንበታለች፤ ጠርዙ ተሰነጣጥቆ ሲነሳ ለሁለት ታጥፋለች። እርስዎ ቆርሰው በቅጠል ይጠቀልሉትና ከዓሣ በተሠራው ማጥቀሻ ያጠቅሳሉ። ከእሳቱ እስከ አፍዎ ያለው ጊዜ ደቂቃዎች ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ብዙ ጊዜ የሚሠራው አንድ ምግብ ነው፤ የገዛውን በዚያው ቀን ይጨርሳል። ደንበኞቹ የሰፈር ሰዎች ናቸውና አንድ ቀን ቢያሳምማቸው በማግስቱ አይመለሱም።

አንድ የላክኋቸው ባልና ሚስት ነበሩ። ሚስትየው ከአስጎብኚዋ ጋር ዞራ ቀንድ አውጣ ሳይቀር ቀመሰች። ባልየው ከሆቴል አልወጣም ብሎ ማታውን ቡፌ ላይ የዋለ የሽሪምፕ ሰላጣ በላ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልሰው አደረ። በአንድ ሰው ሕመም ሁሉም ሆቴል አይፈረድበትም፤ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ግን ምግብን ከመበላሸት አያድንም።

መጠንቀቅ የሚገባውንም እነግራለሁ። በ2024 እ.ኤ.አ. በደቡብ ቬትናም በምትገኘው ሎንግ ካን ከአንድ ሱቅ ባን ሚ የበሉ ከ500 በላይ ሰዎች ታመዋል። ባን ሚ ዳቦ ነው፤ ዳቦው ችግር የለበትም፤ በመሃሉ የሚቀባው የጉበት ፓቴ (የተፈጨ ጉበት) እና ማዮኔዝ ግን ሙቀት ላይ ሲውል አደገኛ ነው። ስለዚህ ወረፋ ካለበት ይግዙ፤ ፀሐይ ላይ የዋለውን ይለፉ። ሆድዎ ስስ ከሆነ ጥሬውን ቅጠል ይተዉት። በረዶው መሃሉ የተቦረቦረ ክብ ከሆነ የፋብሪካ ነው፤ ከትልቅ ግግር የተፈለጠ ከሆነ ይቅርብዎት።

«ሞተር ላይ መውጣት ሞትን መፈለግ ነው።» የቬትናም መንገድ ሰው ይቀጥፋል፤ አልክድም። ነገር ግን ከ70 ሚሊዮን በላይ ሞተር በተመዘገበበት አገር የምሽቱ የከተማ ጎርፍ የሚፈሰው በዝግታ ነው። እያንዳንዱ ነጂ የፊቱን ያያል፤ ክላክሱም «አለሁ» ለማለት እንጂ ለስድብ አይደለም። አደጋው ያለው ሰው በማያየው ቦታ ነው። የራስ ቁር ከ2007 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በሕግ ግዴታ ቢሆንም ስስ ፕላስቲክ የሚያቀርቡ አሉ፤ ማሰሪያውን ይሳቡት፣ ቢላላ ሌላ ይጠይቁ። ከ2020 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ነጂ በደሙ አንዲት ጠብታ አልኮል እንዲኖር አይፈቀድለትም፤ አስጎብኚው አብሮዎት ቢራ ካነሳ ከሞተሩ ይውረዱ። ማርሚታው በቀኝ ነውና ከግራ ይውጡ፤ ባት የተላጠበት ብዙ ተጓዥ አይቻለሁ። ሱሪ ይልበሱ። የጉዞ ኢንሹራንስዎ የሞተር ተሳፋሪን መሸፈኑን ሳይነሡ ያረጋግጡ። ወንድ ማቀፍ የሚከብዳት እህት ከኋላ ያለውን ብረት መያዝ ወይም ሴት ነጂ መጠየቅ ትችላለች፤ ብዙ ሴት አስጎብኚዎች አሉ።

«በጾም የሚበላ አይገኝም።» ይገኛል። ቡድሂስቶች ሥጋና ዓሣ የሌለበትን ምግብ ቻይ ይሉታል፤ በጨረቃ ወር በ1ኛውና በ15ኛው ቀን ብዙ ሰው እሱን ይበላል። ነገር ግን ተራው የአትክልት ጥብስ በዓሣ መረቅ ስለሚሠራ «አትክልት» ማለት አይበቃም። እንቁላልና ወተትም እንደማይበሉ ለይተው ይናገሩ። ሙስሊም ተጓዥ ደግሞ አሳማ በብዙ ሾርባ ውስጥ መኖሩን ይወቅ፤ በሳይጎን ዶንግ ዙ መንገድ ካለው መስጊድ አጠገብ ሐላል ምግብ ቤቶች አሉ። ሁለቱም ጉብኝቱን ሲይዙ ይናገሩ፤ አስጎብኚው የሚያቆምባቸውን ቤቶች የሚመርጠው አስቀድሞ ነው፤ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ መንገዱን መቀየር ያስቸግረዋል።